ጎሬ ላይ የገጠምኩት ሆም ቴአትር

አዲስ ካርቶን ሲከፈት የሚወጣ አንድ ሽታ አለ። ነጩ ፎም፣ ያልተነካ ፕላስቲክና ረጅም መንገድ የመጣ ዕቃ አንድ ላይ የሚሸቱት ሽታ። ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለሚሸተኝ አብዛኛውን ጊዜ ልብ አልለውም። ውጭ ዝናብ እየጣለ ከሆነ ግን ካርቶኑን እንደከፈትኩ ትቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። መቱ ላይ ደግሞ ዝናብ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ እንግዲህ ብዙ ካርቶን ተከፍቶ ይቀራል ማለት ነው።

ያኔ የራሴ ሱቅ አልነበረኝም። ገበያው ዳር ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ አንድ ሰው ዘንድ ተቀጥሬ ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው። ዕቃ መሸጥም፣ ደንበኛ ቤት ሄዶ መግጠምም የእኔ ሥራ ነው። ጋሼ ትምህርት ቤት ያላገኘሁትን ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ አንዱ፣ ደንበኛ “ዞሬ እመጣለሁ” ካለ እንደማይመጣ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ከጎሬ አንዲት እናት መጡ። ባላቸው ከሞቱ ዓመት አልፎ፣ ጥቁር ልብሳቸውን ገና ማውለቃቸው ነበር። ከኋላቸው ልጃቸው ቆማ ጃንጥላ ታራግፋለች። እትዬ ሆም ቴአትር ፈለጉ። ጋሼ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ረጃጅሞቹ ስፒከሮች ወሰዷቸው፤ ቁመታቸው ሰው የሚያክል፣ ግንባራቸው ላይ መብራት የሚጨፍርባቸው። ጋሼ ድምፅ ሲሸጡ በቁመት ነበር የሚሸጡት። እኔ ደግሞ ሳሎኑ እንዴት ያለ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጋሼ ከባንኮኒው ሥር እግሬን ረገጡኝ።

እትዬ ክንዳቸውን አጥፈው ክርናቸውን አሳዩኝ። ሳሎኑ እንደዚህ ነው አሉ። ልጆች ሲበዙ ባላቸው ጥጉን ከልለው መኝታ ቤት አደረጉት፤ ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሄዱ፣ ግድግዳው ቀረ። አሁን ከልጃቸው ጋር ሁለት ብቻ ናቸው።

“ጩኸት አልፈልግም” አሉኝ። “ሰው ሲገባ የሞላ ቤት እንዲመስለው ነው የምፈልገው።”

አምስት ትንንሽ ስፒከርና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ቤዝ ያለውን መረጥኩላቸው። ልጅቷ ከትንንሾቹ አንዱን አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችና አገላብጣ አየችው።

“ይሄ ነው ቤት የሚሞላው?”

በመጠን አይደለም አልኳት።

“እንግዲህ መጥተህ ታሳየናለህ” አለች። ጋሼ ያን ቀን የሸጡት ዕቃ ብቻ መስሏቸው ነበር።

በሚኒባስ ቤዙን ጭኔ ላይ አድርጌ ጎሬ ወጣሁ። ሳሎኑን ሳየው ክርኑ ውሸት አልነበረም። ቴሌቪዥኑ አንደኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ሶፋው ግማሹ ያየዋል፣ ግማሹ ግድግዳ ያያል። ቡፌውን ከማንቀሳቀስ ጣራውን ማንሳት ይቀላል። ቡፌው ላይ የሟች ፎቶግራፍ አለ፤ አጠገቡ ስፒከር ላስቀምጥ ስል እትዬ እጄን ያዙኝ። እሳቸው ጫጫታ አይወዱም ነበር አሉ።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ዕቃ የሰቀለ ያውቀዋል። ጭቃው ላይ የመታኸው ሚስማር ለጊዜው ያዘ ይመስልና ዞር ስትል አቧራውን ይዞ ይወርዳል። በጣትህ ኳ ኳ እያደረግህ ውስጡ ያለውን እንጨት መፈለግ አለብህ። ችግሩ፣ ድምፁ የሚፈልገው ቦታ ሌላ፣ እንጨቱ የቆመበት ቦታ ሌላ መሆኑ ነው። ልጅቷ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ከእኔ በፊት ታገኘው ነበር። “ኩኖ፣ እዚህ ጋ” ትላለች፣ ይኸው ማለቷ ነው፤ ጣቷን ሳታነሳ እርሳሴን ትጠብቃለች። እኔም ምልክቱን ለማድረግ አልቸኩልም።

የዚህ ሥራ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚያዳምጠው ሰው የት ይቀመጣል? እሱን ካወቅህ ሌላው ሁሉ ይከተላል። እትዬ እዚህ፣ እሷ እዚያ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። በዚያ አስተካክዬ ሽቦውን በአቡጀዲው ኮርኒስ ጠርዝ አዞርኩና ለሙከራ አንድ ፊልም ከፈትኩ። ፊልሙ ውስጥ ዝናብ ነበር። ከኋላም ከጎንም ይዘንባል። ውጭ ደግሞ የጎሬ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ልጅቷ ሳሎኑ መሃል ቆማ ዓይኗን ጨፈነች።

“የቱ ነው የእኛ ዝናብ?” አለች።

መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነው። እኔ ግን የፊልሙን ዝናብ ጨመርኩት።

ከዚያ በኋላ ያ ሳሎን መድኃኒት የሌለው ሆነ። ሽቦ አጠረ፣ እውነት ነው አጥሯል። ሚስማር ወደቀ፣ እሱም እውነት ነው። ቤዙ መስኮቱን ያንቀጠቅጣል ተብሎ ሄድኩ፤ ያን ጊዜ ግን መስኮቱ ተንቀጥቅጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሳሎን ነው የሚገጥመው ወይስ ድልድይ እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ያወሩብኝ ነበር። እሷም መሰላሉ ላይ ቆሜ ስፒከሩን ሳስተካክል ከታች ሆና፣ “ይሄ ዕቃ አንተን ነው የሚናፍቀው፤ እኛ ዘንድ ሌላ ጥፋት የለበትም” አለችኝ።

የምፈልገው ግልጽ ነበር፤ እሷን ማግባት። አንድ ቀን ደፍሬ ጋሼን ሽማግሌ ይሆኑኝ እንደሆን ጠየቅኋቸው። አልሳቁብኝም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌ የሚልክ ሰው መጀመሪያ የራሱ በር ይኑረው፣ ትንሽ ታገሥ አሉኝ። ምክሩ ለነጋዴ ትክክል ነው። ዕቃ ይጠብቃል፤ ገበያ ወርዶ ይወጣል። እኔም ታገሥኩ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ራሳቸው እትዬ አስጠርተውኝ ነው። ስገባ ሳሎኑ ተገልብጧል። ሶፋው ወደ ጥጉ ተገፍቷል፤ ከጎረቤት የመጡ ወንበሮች በግድግዳው ልክ በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው የእትዬ ወንበር ብቻውን አለ። ድምፁ ለእነዚያ ወንበሮች እንዲስማማ አድርገህ አዙርልኝ አሉኝ።

የሚያዳምጠው ሰው የት እንደሚቀመጥ ካየህ ማን እንደሚመጣ መጠየቅ አያስፈልግህም። በረድፍ ተቀምጠው አንዲትን እናት ፊት ለፊት የሚያዩ ሰዎች የሚመጡት ለአንድ ጉዳይ ነው። እጄ ላይ የነበረው ሽቦ ከበደኝ።

“እሑድ ሽማግሌ ይመጣል” አሉ እትዬ፣ እንዳወቅሁ አይተው። “በስሱ አንድ መዝሙር ትከፍትልኛለህ። አባት የሌለው ባዶ ቤት ነው ብለው እንዳይንቁብኝ።”

የገዙት ለዚያ ነበር። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ ሳንኳኳ የከረምኩት ለሌላ ሰው ሽማግሌዎች ነበር።

ስፒከሮቹን አንድ በአንድ አዞርኳቸው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አሳምሬ የገጠምኩ አይመስለኝም። ስጨርስ እትዬ ድምፁን አስጠፉኝና መሃለኛው ወንበር ላይ እንድቀመጥ አዘዙኝ። ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ፣ መኝታ ቤት ነበረች።

“ቤቴ ውስጥ ወንድ የለም፤ የምጠይቀው የለኝም” አሉኝ። “አንተ እንደ ልጄ ገብተህ ወጥተሃል። ገበያ ውስጥ ነህ፣ ሰው ታውቃለህ።” የሰውየውን ስም ነገሩኝ። “እንዴት ያለ ሰው ነው?”

አውቀዋለሁ። ከእኛ ሱቅ ብዙም ሳይርቅ ቡና የሚገዛ ወጣት ነጋዴ ነው። ሌላው ሚዛኑን በጉልበቱ ደገፍ ሲያደርግ የእሱ ሚዛን ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው። ከዳሪሙ ድረስ በእግራቸው የሚመጡ ገበሬዎች ሌላውን ሁሉ አልፈው እሱ ዘንድ ይሰለፉ ነበር። ወንበሩ ላይ ሆኜ አንድ ነውር ፈለግኩለት። መጠጥ፣ ሴት፣ ክፉ አፍ። ምንም አላገኘሁም።

ደግሞ መሳደብም አያስፈልገኝም ነበር። “እንጃ” ማለት ይበቃል። እኛ ዘንድ ለጋብቻ የተጠየቀ ሰው “እንጃ” ካለ ነገሩ አለቀ፤ ከስድብ ይበልጣል። አፌ ላይ ነበረች።

“ጥሩ ሰው ነው” አልኩ። “ሚዛኑ አይዋሽም።”

እትዬ ፊታቸው በራ። መጋረጃው ተገለጠና ልጅቷ ወጣች።

“ዱጋዳ?” አለችኝ፣ እውነት ነው?

“ዱጋዳ” አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። “አንተ ካልክ” አለችና ዓይኗን ወደ ወንበሮቹ መለሰች።

ዕቃ ስሸጥ ያልኳቸው ብዙ ነገሮች አሉ፤ እዚህ አልዘረዝራቸውም። ያን ቀን ግን ያለኝን እውነት ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጣሁ መሰለኝ። ሰውየው ዛሬም እንዳልኩት ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ይለኛል፤ እሷም ከሩቅ እጇን ታነሳለች። ልጆቻቸው አድገዋል። እኔም በር ኖረኝ፤ ሁለት በር ያለው ሱቅ።

ያን ቀን ስወጣ እትዬ ዝናብ ነውና በጃንጥላ ሸኚው አሏት። እስከ መኪናው ድረስ አብረን ወረድን፤ ጃንጥላው ትንሽ ስለነበረ የሁለታችንም አንዳንድ ትከሻ ረጠበ። ወያላው “መቱ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!” ይላል። እውነት መስሎኝ ሮጬ ገባሁ። ውስጡ ግማሹ ባዶ ነበር።

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሷም አልሄደችም፤ የተሸኘ ሰው መኪናው ሳይንቀሳቀስ ትተኸው አትሄድም። ጃንጥላዋን ይዛ ከመስታወቱ ማዶ ቆመች። አንድ ሽማግሌ ገቡ። ቆይቶ ዶሮ የያዘች ሴት ገባች። እንደገና ረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም። በሩ ክፍት ነበር፤ ወያላው በሩን ይዞ መንገዱን ያያል። ወርጄ የምላት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ጊዜውም ሞልቶ ተርፏል። እሷ እግሯን ትቀያይራለች፣ እኔ መስታወቱን በእጅጌዬ እወለውላለሁ፤ ስወለውለው መልሶ በትንፋሼ ይጋረዳል።

ኋላ ተማሪዎች እየተሯሯጡ መጡና መኪናው ሞላ።