ሣሩ ሳይከፈት

የቴሌቪዥን ውድድሩ አሸናፊውን የአንድ ትልቅ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ አድርጎ ያስቀጥራል። ለመመዝገብ የአካባቢን ምርት የሚያሻሽጡበት የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ መላክ ያስፈልጋል። እኔ ገሳን መረጥኩ፤ ከጓሳ ሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው። ከሣሩ ጀምሬ ማሳየት ስለፈለግኩ መምህር ነኝና እንደ ልማዴ ሰንጠረዥ አወጣሁ፦ ሰኞ አጨዳ፣ ማክሰኞ ጉንጎና፣ ረቡዕ ሽያጭ። ሐሙስ ምዝገባው ያበቃል።

ጓሳ ግን ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ የሚታጨደው ለሁሉም በአንድ ቀን ሲፈቀድ ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሣሩን የሚያስጠብቁትን ሽማግሌ ለመንኳቸው።

«አንዲት እቅፍ ብቻ፣ አባባ። ሐሙስ ያልፍብኛል።»

«አንተ አስተማሪ፣ ተማሪህ ቸኮልኩ ቢልህ ፈተናውን ቀድመህ ታሳየዋለህ?» አሉኝ። አብረዋቸው የቆሙት ሳቁ።

ሦስቱን ቀን መቀመጥ አቃተኝ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ እየተንጎራደድኩ አንዱን ምሳሌ ሁለቴ አስረዳሁ። ረቡዕ ወደ ጓሳው ሜዳ ወጣሁና ካልታጨደው ሣር ዳር ቆሜ፣ ገሳውን ለምን ዛሬ መሸጥ እንደማልችል ለስልኬ ካሜራ አብራራሁ። ዋጋ እንኳ ሳልጠራ ሦስቱ ደቂቃ አለቀ። ያም ሆኖ ላክኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሣሩ ለሁሉም ሲከፈት እኔም ማጭድ ተውሼ ወጣሁ። ስልኬን ደጋግሜ ሳይ ሽማግሌው አዩኝ።

«ከውድድሩ ጠሩህ?»

«ገና ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው እጨድ። ከመሸ ላንተ ብቻ ተብሎ ቀን አይጨመርም።»

ስልኩን ኪሴ ከትቼ አጎነበስኩ። አንድ ነዶ ሳልሞላ እጄ ተመልሶ ኪሴ ገባ።