የማትጮኸው ሴትዮ

መርካቶ ውስጥ በነበረ አንድ ሲኒማ ቤት ትኬት እሸጥ ነበር። ባለቤቴ ከበሩ በላይ የሚሰቀለውን የፊልም ማስታወቂያ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ይሥላል። ለፍቅር ፊልም አበባ ያበዛል። የሚያስፈራ ፊልም ግን እንደ ቅዳሴ የማይዛባ ሥርዓት ነበረው። ጨረቃዋ ሁልጊዜ ሙሉ ናት፤ በዚያ አገር ጨረቃ አትጎድልም። ኮረብታ ላይ ግንብ አለ፤ ከመስኮቶቹ ሁሉ አንዱ ብቻ ይበራል። ጥፍሩ ያደገ እጅ ከጥግ ብቅ ይላል፤ እጁ የማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ትኬት ይግዛ። ፊደሉ ደም ያንጠባጥባል። የእኛ ፊደል እግር ስላለው ለመንጠባጠብ የተፈጠረ ነው ይል ነበር ባለቤቴ። ከሁሉም በላይ ፀጉሯን በትና፣ አፏን በልቅጣ የምትጮኽ ሴት ታስፈልጋለች። እሷ ካልጮኸች የሰባተኛ ሰፈር ነጋዴ ዞር ብሎም አያያትም።

ሰው በገንዘቡ ፍርሃት የሚገዛበት ምክንያት ግን አይገባኝም ነበር። በደርግ ጊዜ እኔ ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ መንገድ ዳር የተጣለውን ሬሳ በነፃ ነበር የማየው።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜን ወሰዱት፤ ገደሉት። ድንኳን እንዳንተክል፣ ጥቁር እንዳንለብስ፣ እንዳናለቅስ ተነገረን። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀመጠች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግንብ ውስጥ እየኖረ የሰው ደም የሚጠጣ ሰውዬ ፊልም መጣ። ሥራ አስኪያጃችን የቀበሌውን ካድሬ ማስፈቀድ ነበረበት።

«ታሪኩ ምንድን ነው?» አለ ካድሬው።

«ስለ አንድ ባላባት ነው ጓድ። የጭሰኞቹን ደም ይመጥጣል።»

«በምሳሌ?»

«የለም ጓድ፣ በጥርሱ።»

ካድሬው ፊቱ በራ። በየስብሰባው ደም መጣጭ ፊውዳል እያለ ሲጮኽ ኖሮ በመጨረሻ አንድ እውነተኛ አገኘ።

ባለቤቴ ለምትጮኸዋ ሴትዮ እያየ የሚሥለው ፊት አጣ። ማታ ቤት ሲገባ «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አለኝ። ከፈትኩ። ድምፅ አላወጣሁም፤ ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ የቀበሌ ጥበቃ ይኖራል። ባለቤቴ እርሳሱን አንስቶ ሣለ።

ካድሬው ሰሌዳውን ሊመረምር መጣ። ግንቡን አይቶ «ይሄ ሁሉ ክፍል ለአንድ ሰው! ትርፍ ቤት ነው» አለ። ጥፍራሙን እጅ ሲያይ ግን ተቆጣ። እጁ ግራ ነበር፤ በሰልፍ ላይ ግራ እጁን የሚያነሳው ደግሞ አብዮተኛ ነው። ጭራቁ ቀኝ እጁን እንዲያነሳ ታዘዘ። ቀጥሎ ሴትዮዋ ፊት ቆመ።

«ይቺ ለማን ነው የምታለቅሰው?»

«ፈርታ ነው ጓድ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ፀጉር በትኖ ፍርሃት አለ እንዴ? ሰው ሞቶባት ነው። ሠዓሊው ቀበሌ መጥቶ ለማን እንደሆነ ያስረዳ።»

ሊያስረዱ ሄደው የቀሩ ብዙ ሰዎች አውቅ ነበር። ከመስኮቴ ኋላ ሆኜ ትኬት የምቆርጥበትን ማስመሪያ ጨበጥኩ።

«ጓድ፣ ዛሬውኑ ይስተካከላል» አለ ሥራ አስኪያጁ በችኮላ።

ካድሬው አሰበ። «እንግዲያው አፏ ይዘጋ።»

ባለቤቴ መሰላል ላይ ወጥቶ ዘጋው። ስለ ዓይኖቿ ትእዛዝ ስላልነበረ አልነካቸውም። ሰሌዳው በአገራችን ምናልባትም በዓለም ሁሉ አፏን ዘግታ የምትታረድ ሴት የተሣለችበት የመጀመሪያው የፊልም ማስታወቂያ ሆነ። እኔ ራሴ ከሥሩ ሳልፍ አንገቴን እደፋ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ከሰርን አለ። የእኛ ደንበኞች ተሸካሚዎችና ጎረምሶች ናቸው፤ ጩኸት ይወዳሉ። በማግስቱ ከሰዓት ግን በርበሬ በረንዳ የምትነግድ አንዲት ሴትዮ መስኮቴ ጋ መጣች፤ ከእኔ ትበልጣለች።

«ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው ዝም ያለችው?»

«ፊልም ነው እትዬ።»

«ውስጥ ትጮኻለች?»

«ትጮኻለች።»

«ጮክ ብላ?»

«መንገድ ድረስ ይሰማል።»

«እንግዲያው ቁረጪልኝ። ዓይንሽ ምን ሆነ ካሉኝ በርበሬ ነው እላለሁ።»

በሚቀጥለው ቀን ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች፤ እነሱም ሌሎች አመጡ። ጭራቁ ሴትዮዋን አንገቷ ላይ ሲይዛት፣ እሷም ስትጮኽ፣ አዳራሹ አብሯት ጮኸ። እሷ ስታቆም አዳራሹ አላቆመም። ካድሬው በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ በደም መጣጩ ላይ ቁጣውን እየገለጸ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ካድሬው ረካ። ሕዝቡ ይበልጥ እንዲነቃ ፊልሙ አንድ ሳምንት እንዲጨመርለት አዘዘ። ለቤተሰባችን ከአብዮቱ የደረሰን በጎ ነገር ይኸው ነው፤ አመሰግናለሁ።

በተጨመረው ሳምንት እናቴን ይዣት መጣሁ። ሲኒማ ገብታ አታውቅም። ከሰሌዳው ሥር ቆማ ሽቅብ አየች።

«አንቺን ትመስላለች» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ትጮኻለች ነው ያልሽኝ?»

«አዎ እማዬ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። እኔም መስኮቴን ዘግቼ ተከተልኳት። ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።