በነሐሴ የተዋጉ በሬዎች

የያዙኝ ቡሬ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀ ሰሞን ስለነበር የስልኩ ኢንተርኔት ከጠፋ ቆይቷል፤ ኢሜይሉን ማየት የፈለገ ሁሉ እዚያች ጠባብ ቤት ገብቶ ወረፋ ይጠብቃል። ተራዬ ደርሶ፣ ገጹ ቀስ እያለ ሲከፈትልኝ፣ ከኋላዬ አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ተነስ። እንዳትዘጋው።»

ዞር ስል ሁለት የጸጥታ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ወንበሬ ላይ ተቀመጠና እየተንተባተበ ለጓደኛው ጮክ ብሎ አነበበለት፤ እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ አለህ፣ ካለፍህ ቪዛህን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስፖንሰር ያደርጋል ይላል። ወር ሙሉ የጠበቅሁትን ደብዳቤ ከኔ ቀድሞ እሱ አነበበው። ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ፤ ይቺ ግን እስከ ዛሬ ታናድደኛለች።

ሥራዬ የጤና መረጃ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት እሱን ነው፤ የተመደብሁትም ወደ ቋሪት በሚወስደው መንገድ ካሉት ጤና ጣቢያዎች አንዱ ነበር። ነርሶቹ በመዝገብ የጻፉትን እኔ በወሩ መጨረሻ ቆጥሬ፣ መብራት ካለ፣ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ ለወረዳው እልካለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ውጭ አገር ሥራ ፈልጌአለሁ። የማመልከቻ ዓይነት ያልሞላሁት የለም። ሆስፒታሉም፣ የምርምር ማዕከሉም መልሱ አንድ ነበር፦ «ለዚህ የሥራ መደብ ቪዛ ስፖንሰር አናደርግም።» ያቺን ዓረፍተ ነገር በቃሌ እወጣታለሁ። በመጨረሻ ግን በገጠር ስለሚደርስ አደጋ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች መለሱልኝ። እስካሁን የሠራኸውን ናሙና ላክልን አሉኝ። ላክሁላቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ወስደው ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር አንድ ብሎኬት የወጣበት ቀዳዳ አለ። ወለሉ ላይ የበቆሎ ብናኝ ቀርቶበታል፤ ቁጭ ሲሉ ነቀዙ በሱሪ ይወጣል። ስንት ሰው እንደነበረ አልቆጠርሁም። ጎን ለጎን ነው የምንተኛው፤ አንዱ ሲገለበጥ ሁሉም ይገለበጣል።

ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ከቋሪት የመጡ አንድ ገበሬ ናቸው። ከገበያ ነው ከሌላው ሰው ጋር የታፈሱት። በዕድሜ ያባቴ እኩያ ይሆናሉ። ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ነው የሚቀመጡት፤ አያጥፉትም።

«እግርዎን ምን ሆነው ነው አባቴ?» አልኋቸው።

«በሬ ወግቶኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጠዋት ስም ሲጠራ «አቤት» ያሉበትን ስም ሰማሁ። ያን ስም ከመዝገቡ ላይ በገዛ እጄ ቆጥሬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ ከተማው ሲረበሽና ጥይት ሲተኮስ፣ የቆሰለው ሰው ሆስፒታል ብንሄድ በሩ ላይ እንያዛለን ብሎ ፈራ። በሸክም እየሆነ ወደኛ መጣ። ሲስተራችን ከከተማ የመጣች ደፋር ልጅ ናት፤ ቁስሉን አጥባ፣ ሰፍታ፣ መዝገቡ ላይ «በሬ ወጋው» ብላ ትጽፋለች። ማንም ምንም አላላትም። ኃላፊው ያያል፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ታያለች፣ እኔም አያለሁ። ሆድ ይፍጀው ብለን ዝም አልን። ለወረዳው በሚላከው ሪፖርት አደጋ ሁሉ በአንድ ቁጥር ስለሚገባ በዚያ በኩል ችግር አልነበረም።

እኔ ግን ናሙና ላክ ስባል ምክንያቱን ለያይቼ ቆጠርሁት። ከዛፍ የወደቀ፣ መኪና የገጨው፣ ውሻ የነከሰው፣ በሬ የወጋው። በየወሩ በግራፍ አወጣሁት። ሌሎቹ መስመሮች ተኝተዋል። የበሬው መስመር ብቻ ነሐሴ ላይ ሲደርስ ብድግ ብሎ ይቆማል። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ይቺን ሲያዩ ፈረንጆቹ ይጠሩኛል አልሁ። ስማቸውን አውጥቻለሁ፤ ቀበሌያቸውንም አውጥቻለሁ። ስም የሌለበት ቁጥር ማንንም አይጎዳም ተብለን ነው የተማርነው። አይ እኔ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት የኔን ነው።

ማክሰኞ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ጨዋ ነበር። ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ። ከኢሜይሌ ያገኘውን ግራፌን አትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«አንተ የተማርህ ሰው ነህ። እስቲ አስረዳኝ» አለ። «ይቺ የቆመችው መስመር ምንድን ናት?»

«በሬ የወጋቸው ሰዎች ናቸው።»

«በነሐሴ?»

«በነሐሴ።»

ሳቀ። «እኔኮ የገበሬ ልጅ ነኝ ወንድሜ። በነሐሴ በሬ ለጤፉ እርሻ ቀንበር ላይ ነው የሚውለው። ሲፈታ እንኳን ሰው ሊወጋ ዝንቡን አያባርርም። በሬ የሚዋጋው ሥራ ፈትቶ፣ ሣር ሲጠግብ ነው። ያገሩ በሬ ሁሉ ባንድ ወር አበደ ልትለኝ ነው?»

ምን ልበለው? እውነቱን ነው። እኔ ያደግሁት ደምበጫ፣ አስፋልት ዳር፣ አውቶቡስ እየቆጠርሁ ነው። በሬ መቼ እንደሚዋጋ ማን ነግሮኝ!

«መዝገቡን ጠይቀን ነበር» አለ። «ሲስተሯ ዝናብ በጣሪያ ገብቶ አበስብሶት ጣልነው አለች። እንግዲህ ስሞቹ ያሉት ያንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው።» ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለኝ። «የምታስታውሰውን ጻፍልኝ። እስከ ሐሙስ ጊዜ አለህ። ከጻፍህ ቃለ መጠይቅህን እዚሁ፣ በኔ ላፕቶፕ ታደርጋለህ። የኛ መስመር ፈጣን ነው። ፓስፖርትህንም አንነካም።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁና ተመለስሁ።

ጀግና ነበርሁ ብዬ አልዋሽም። አስቤበታለሁ። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፣ ምን ያደርጓቸዋል? ደግሞ ግማሾቹ አገር ጥለው ሄደዋል እየተባለ ነው። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስሞቹ ደግሞ አይጠፉኝም፤ በመዝገቡ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ይመጡልኛል። አምስተኛው፣ የእሳቸው ስም ላይ ስደርስ ጎኔ የተኙት ሰውዬ ያስላሉ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አላስችል አለኝ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። ጤና ጣቢያው ውስጥ የምሠራውን፣ ግራፉን፣ ፈረንጆቹን፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት።

ስጨርስ ቀስ ብለው፣

«እና አንተ በኛ ቁስል ልትሄድበት ኖሯል?» አሉ።

አፈርሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ደግሞ ያቺ የጻፈችው ልጅስ ምን ነካት?» ብለው ተቆጡ። «እኔ የሚጻፈውን ሲመክሩ ሕመሙ ይዞኝ አልሰማሁ እንጂ! በነሐሴ በሬ ወጋው ይባላል? አዳልጦት ገደል ገባ አይባልም? ጭቃው መች ጠፋና! ምን ታድርግ፣ የከተማ ልጅ።»

አጠገባችን ያለው ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ልትጽፍ ነው?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም! አላውቅም ይለኛል እንዴ!» ጀርባቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ምሳ መጣ፤ ከኔ ጋር የነበራቸውን ሳሕን ትተው ከሌሎቹ ጋር በሉ። እኔም ብቻዬን ጥቂት ጎርሼ ተውሁት።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ይመስለኛል፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው ተናገሩ። «ከገበያ የተያዛችሁትን ቅዳሜ እንለቃችኋለን ብለውናል። ምንም አላገኙብንም። እህሌ ደርሶ ማሳ ላይ ነው።» ትንሽ ቆዩና፣ «ዝም አይነቅዝም አሉ ያገሬ ሰዎች» አሉ።

ለመኑኝ ማለት አይደለም። የሚለምን ሰው ድምፅ እንዲያ አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ከበደኝ። ዝም ማለቱ ለኔ ይነቅዝ አይነቅዝ እንጃ፣ ለእሳቸው ግን እንደማይበቃቸው አውቃለሁ፤ እኔ ዝም ብል መርማሪው ሲስተሯን ይዞ ይጠይቃታል። ያቺን መስመር ያቆምኋት እኔ ነኝ፤ የምጥላትም እኔው ነኝ። ይህን ካሰብሁ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ተጠራሁ። ወረቀቱን ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት። ባዶ ነው።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«የምጽፈው ስም የለም። በሬም የለ፣ የተወጋ ሰውም የለ። ግራፉ ባዶ ሲሆንብኝ ሥራውን ለማግኘት ስል ቁጥር ጨመርሁበት። ያችን መስመር የፈጠርኋት እኔ ነኝ።»

አየኝ። እንዳላመነኝ ዓይኑ ይናገራል። ግን መዝገብ የለም፤ ከኔ በቀር ለያይቶ የቆጠረም የለም። እሱም እንደኔ ደመወዝተኛ ነው፤ አለቃው የሚፈልገው የሚዘጋ ፋይል ነው።

«የመረጃ ባለሙያ ነኝ አላልህም?»

«ነበርሁ።»

«ይኸ ምን እንደሚያመጣብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

አንድ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። «እንግዲያውስ ጻፈው። አንዱን ለመሥሪያ ቤትህ፣ አንዱን ለነዚያ ለፈረንጆቹ። ለእነሱ አሁን፣ እዚሁ።»

ለመሥሪያ ቤቴ በእስክሪብቶ ጻፍሁና ፈረምሁ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደኔ አዞረው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። መስመሩ እውነትም ፈጣን ነበር፤ ኢሜይሌ ወዲያው ተከፈተ። ሦስት መስመር በእንግሊዝኛ ጻፍሁ፦ የላክሁላችሁ መረጃ ሐሰተኛ ነው፣ የፈጠርሁት እኔ ነኝ፣ ማመልከቻዬን ስቤያለሁ። ጽሑፉን መለስ ብዬ አነበብሁት። አንድ ፊደል ተገድፎ አገኘሁና አረምሁት። መርማሪው እጁን ወደ ላፕቶፑ ሲዘረጋ፣ «ቆይ፣ እኔ ልላከው» አልሁትና ራሴ ተጫንሁት።

ስመለስ ሰውዬው በሩን በሩን ሲያዩ ደረስሁ።

«ጻፍህ?»

«ጻፍሁ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ምን ብለህ?»

«ውሸታም ነኝ ብዬ። እንዲህ የሚባል በሬ የለም፣ ሰውም የለም ብዬ።»

ለጥቂት ጊዜ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ያን እግር እየጎተቱ፣ ከቀዳዳዋ ሥር ያለውን ቦታቸውን ለቀቁልኝ። «እዚህ አየር አለ» አሉ። ምስጋናም ይቅርታም አልተናገሩም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ቅዳሜ ከገበያ ከታፈሱት ጋር ወጡ። ሲወጡ ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገውልኝ ነው።

እኔ የወጣሁት በልግ ሲገባ ነው። ሲስተሯን አልነኳትም። የስንብት ደብዳቤዬ ጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፦ መረጃ በማጭበርበር። ሲስተሯ ስታየኝ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ የሴት ልቅሶ አልወድም፣ ተቆጥቻት ሄድሁ። ኢሜይሌን ስከፍት የፈረንጆቹ መልስ ተቀምጧል። አጭር ነው። «ስለ ሐቀኝነትህ እናመሰግናለን፤ ሆኖም ልንቀጥል አንችልም» ይላል። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ የት እንደሄደ አላውቅም፣ እዚያው ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ሰው እያየኝ ተንሰቀሰቅሁ።

አሁን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። የጤና ተመራቂዎች ይመጣሉ፤ ማመልከቻ እሞላላቸዋለሁ፣ የሥራ ታሪካቸውን አስተካክልላቸዋለሁ፣ የትኛው ቀጣሪ እውነተኛ ስፖንሰር እንደሆነ አጣራላቸዋለሁ። ከሞላሁላቸው መካከል የሄዱ አሉ። ናሙና ሲጠየቁ የራሳቸውን አገር ሰው ቁጥር እንዳይልኩ እቆጣቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልነግራቸውም፤ ነገረኛ ሽማግሌ ነው ይሉኛል፣ አርባ እንኳ ሳልሞላ።

ባለፈው ባለቤቴ አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ። «ለሰው ስትሞላ ትኖራለህ፤ አንዴ ለራስህ ሙላ እንጂ!» አለችኝ። በጤና መረጃ ዘርፍ፣ ቪዛ ስፖንሰር የሚያደርግ አንድ የምርምር ማዕከል አግኝቼ ሞላሁ። ስምንተኛው ገጽ ላይ ጥያቄ አለ፦ «በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት ከሥራ ተሰናብተው ያውቃሉ?» የስንብት ደብዳቤው ማኅተም ያለበት ነው፣ መካድ አይቻልም፤ አዎ የሚለውን ነካሁት። ወዲያው ከሥሩ ሌላ ሳጥን ተከፈተ። «ያብራሩ» ይላል።

እጄን አንስቼ ተቀመጥሁ። ከእነዚያ በነሐሴ ከቆሰሉት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ፤ ያርሳሉ፣ ገበያ ይወጣሉ። ጊዜው ደግሞ ይለዋወጣል፤ ነገ ማን ምን እንደሚያነብ አይታወቅም። ባዶውን ትቼ ልልከው ብል ኮምፒውተሩ ቀይ ጽሑፍ አሳየኝ፤ ሳጥኑ ባዶ መሆን አይችልም አለኝ።

አንድ ነጥብ አስቀመጥሁበት። ተቀበለው።