የጥድ ዘይቱና የጋሼ ሀብቶም ግራ ክንድ

ባለፈው እሑድ ሳቫና ሰፈር፣ ልጄ ቤት ጓሮ ተቀምጠን ሳለ ከኩሬው በኩል ቢምቢ ተነሣ። ልጄ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች። «ማሚ፣ እጅሽን ስጪኝ ስፕሬይ ላድርግሽ። ዶንት ዎሪ፣ ናቹራል ነው፣ ከጥድ ነው የተሠራው» አለችኝ። ሰጠኋት። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ለመሳቅም ለማዘንም አልሆነልኝም። ካልጋሪ ውስጥ ይህን ነገር ከእኔ ቀድሞ የተቀባ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ከጭነት መኪና ጋራዦቹ ጀርባ፣ ፒተር የሚባል ሰው የጥድ ቅጠል በእንፋሎት እያፈላ ዘይት የሚያወጣባት መጋዘን ነበረችው። ቅርንጫፉን እንከትፋለን፣ በርሜል ውስጥ እንጠቀጥቃለን፣ እንፋሎት እንለቅበታለን። ከቅርፊቱ ደግሞ ቡናማ ጭማቂ ያወጣል፤ የምግብ ዘይት ውስጥ ጠብ ሲደረግ ዘይቱ ቆይቶ እንዳይበላሽ ያደርጋል። እሱስ እውነት ነበር፤ መስኮቱ ላይ ያቆማቸውን ሁለት ጠርሙሶች አሽትቻለሁ፣ ጭማቂው ያልገባበት አፍንጫ ያስይዛል። ምሳ ብዬ ይዤ የምሄደው ምስር ወጥ እንኳ ጥድ ጥድ ይለኝ ነበር። በዚያው ዓመት በበረዶው ወራት የአባቴን ሞት ተረድቼ በማግስቱ ሥራ ገብቻለሁ። አላለቀስኩም። ጠንካራ ናት ተባልኩ። ጠንካራ አልነበርኩም፤ ምንም አልተሰማኝም እንጂ።

አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ ሀብቶም ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት ተምረው ከእኔ ከአዲስ አበባዋ የተሻለ ይናገሩታል፤ «ሺፍቴ አለቀ» ስል «ተራዬ በይ» እያሉ ያርሙኛል። እንግሊዝኛው ግን እምቢ ስላላቸው ከፒተር ጋር የማግባባቸው እኔ ነበርኩ። ሚስታቸውን ከአገር ቤት ሊያስመጡ ስፖንሰር አድርገው ጉዳዩ ተጀምሯል፤ እስክትመጣ ድረስ ሥራ ላይ መገኘት አለባቸው። እንኳን ሊቀሩ አርፍደውም አያውቁም።

ሐምሌ ገባ ሲል ፒተር ዘይቱ ቢምቢ ያባርር እንደሆነ ሊሞክር ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለ ረግረግ ወሰደን። አመሻሹ ላይ ነው፤ ማዶ ለዘይት የሚዘራው የካኖላ እርሻ ቢጫ ሆኗል። ተጣጣፊ ወንበር ላይ አስቀምጦ ግራ ክንዳችንን ዘይት ቀባን፣ ቀኙን ባዶውን ተወውና ወደ መኪናው ሄደ። የእኔ ግራ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፤ ሽታው ሲበንን ግን ቢምቢዎቹ ተመለሱ። ዞር ስል በጋሼ ሀብቶም ግራ ክንድ ላይ አንዲት ቢምቢ ሆዷ ቀልቶ ተነፍታ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ክንድዎ ላይ!» አልኳቸው።

ቀኛቸውን መቱ።

«ግራው ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩአትና በቀስታ አራገፏት። «በጦርነት ጊዜ ጥይት አግኝቶታል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከክርኔ በታች አይሰማኝም። አደራሽን ለፒተር እንዳትነግሪው። እንፋሎት አጠገብ እንዲህ ያለ እጅ ይዤ ልቁም ብል መች ይፈቅድልኛል?»

በርሜሉን ሁልጊዜ በቀኛቸው ብቻ የሚነኩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ፒተር መጥቶ ጠየቀን። እኔ ተነክሻለሁ ስለው ፊቱ ጠቆረ። ጋሼ ሀብቶም ግን ግራ ክንዳቸውን ዘርግተው «ናቲንግ» አሉ። መነጽሩን አድርጎ መረመረው፤ እብጠት የለም። ነርቩ የሞተ ቆዳ እንደ ደህናው ቶሎ እንደማይቀላ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፒተር በደስታ ሊሞት ደረሰ። የእኔን ክንድ ላብ አጥቦት ነው አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሰሜን ጫካ ችግኝ ሊተክሉ ለሚሄዱ ወጣቶች ዘይቱን እንደሚሰጣቸው፣ ሌላ የቢምቢ መድኃኒት መያዝ እንደማያስፈልጋቸው ነገረን። ተርጉሜ ነገርኳቸው።

ስንመለስ ጋሼ ሀብቶም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «እዚያ ጫካ ውስጥ መድኃኒት የሚገዛበት ሱቅ አለ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ።»



በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሀብቶም እኔን አስከትለው ፒተር ቢሮ ገቡና ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ንገሪው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ዘይቱ አይደለም፣ ክንዴ ነው በይው።»

«ሚስትዎስ?»

«ተርጉሚ አልኩሽ!» ተቆጡ።

ተረጎምኩ። ፒተር ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋሼ ሀብቶም ከኮታቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ግራ እጃቸው ጀርባ ላይ ሰኩት፤ ዓይናቸውን ከፒተር ላይ አላነሱም። እኔ የራሴን እጅ ሰበሰብኩ። ፒተር ሳቁን አቁሞ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ዘይቱ ለወጣቶቹ ሳይሰጥ ቀረ። ጋሼ ሀብቶምንም በዚያው ቀን ከበርሜሉ አነሣቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚሰጣቸው ሌላ ሥራ ግን አልነበረውምና ሳምንት ሳይሞላ አሰናበታቸው። ሚስታቸው የመጣችው ሌላ ሥራ ተገኝቶ፣ ጉዳዩ እንደገና ተጀምሮ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ፎረስት ሎን ሰፈር አንድ ሱቅ ደጃፍ አብረው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ...» ብዬ ስጀምር፣ «ቢሆን ኖሮማ ቀድማ ትመጣልኝ ነበር» አሉና ስለ ዋጋ መወደድ ማውራት ጀመሩ።

አሁን እኔ ስድሳን ልረግጥ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ስኳርም አለብኝ፤ ስኳር ደግሞ የእግርን ስሜት ይገድላል ይላሉ። በቀደም ሐኪሜ ጫማዬን አስወልቃ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ይህ ክር እግርዎን ሲነካዎ አዎ ይበሉ» አለችኝ። ወደ እግሬ ስትጎነበስ ወንበሯ ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል፤ በግምት አዎ፣ አዎ ማለት አያቅተኝም ነበር። መሪውን ማጣት እፈራለሁ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። ጋሼ ሀብቶም ያንን እጅ ጠረጴዛው ላይ ለማኖር ሌሊቱን እንዴት አድርገው እንዳነጉት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም። አልገመትኩም፤ ጨፍኜ ጠበቅኩ። ቢቆይብኝ ጊዜ፣ «አልጀመርሽም እንዴ?» አልኳት።

«ሁለቱንም እግርዎን ጨርሻለሁ» አለችኝ።