በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስልክ

ፍሬ ወልደኢየሱስ የባሏ አርባ በወጣ ማግስት ወደ ስልጠናው ተመለሰች። ሐዘንተኛ ወደ ቢሮ ሲመለስ ሰው ይረዳል፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ወደ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ መመለሷ ግን ለሰፈሯ ለቁስቋም ሴቶች አልተዋጠላቸውም። «ምነው ይቺ ልጅ፣ ሐዘኗን እንኳ በቅጡ ሳትቀመጥ?» አለች አንዷ። ሌላዋ «ለመርሳት ነው፣ ተያት» ብላ ተከላከለችላት። ፍሬ ሁለቱንም ሰምታለች። ለመርሳት አልነበረም። የስልጠናው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ማክሰኞ ሲደርስ ሄደች። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ሲመዘገቡ ሁለት ነበሩ፤ እሷና ባሏ አምሐ። አምሐ የድብ ባሕር ልጅ ነው። ጎንደር የመጣው ለትምህርት፣ የቀረው ለፍሬ ሲል ነው። ሁለቱም በየመሥሪያ ቤታቸው የኮምፒውተር መስመር እየዘረጉ፣ የተበላሸውን እየጠገኑ የሚያድሩ ነበሩ። አንድ ቀን አምሐ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «አሮጌውን ስልክ እየነቀሉ በኢንተርኔት መስመር የሚሠራውን እያስገቡ ነው። ባለሙያውን ግን ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጡት። ምነው እኛ ብንይዘው?» አላት። የኔትወርክ ባለሙያነት ምስክር ወረቀት የሚያሰጠውን ፈተና አብረው ሊወስዱ፣ ከዚያ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ሊከፍቱ ተስማሙ።

ስልጠናው በተጀመረ በጥቂት ሳምንት አምሐ እናቱን ሊጠይቅ ድብ ባሕር ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጠመዝማዛው የተራራ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ተርፈዋል።

መርዶው ሲመጣ ፍሬ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። አባቷ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ከሁለት ቄሶች ጋር በሩ ላይ ቆመው ስታይ ገባት። ካውያውን ከሶኬት ነቀለች። ሸሚዙን አጠፈች፤ የአምሐ ሸሚዝ ነው። ከዚያ ቀና ብላ «ሞተ?» አለች። ጎረቤቱ ተንጫጫ፤ እሷ ግን ድምፅ አልወጣትም። ቀብሩ ላይም እንባ አልመጣላትም። አማቷ ወይዘሮ እታገኘሁ ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ፣ እሷ አጠገባቸው ቆማ መሬት የሚወድቀውን ነጠላቸውን ታነሳ ነበር። ሰውነቷ ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆኖባታል፤ ሲነኩት ታውቃለች፣ አያማትም።

የኪራይ ቤታቸውን ለቅቃ ቁስቋም አባቷ ቤት ገባች።

ማሠልጠኛው ውስጥ የአምሐን ወንበር ማስቲካ የሚያኝክ አዲስ ሠልጣኝ ይዞታል። ፍሬ አጠገቡ ተቀመጠች። አሠልጣኙ ፊልጶስ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፍሬ፣ ከሚቀጥለው ዙር ጋር መማር ትችያለሽ እኮ። ማንም ምንም አይልሽም።»

«ዛሬ ምንድን ነው የምንማረው?» አለችው።

የዚያን ቀን የተማሩት ድምፅ በመስመሩ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። ሰው ሲናገር ድምፁ ወደ ትንንሽ ቁርጥራጭ ይከፋፈላል። ቁርጥራጮቹ በየፊናቸው ሄደው ማዶ ላይ በተርታቸው ይገጣጠማሉ። የዘገየውን ግን የሚጠብቀው የለም፤ ይጣላል። ፎቶ ቢሆን ይጠበቅ ነበር፤ ንግግር ግን ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ መስመሩ ሲጨናነቅ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ መሣሪያዎቹን ማዘዝ የባለሙያው ሥራ ነው። ፍሬ ጻፈች፤ ገባትም። አምሐ በሕይወት እያለ እንዲህ በቀላሉ አይገባትም ነበር። ያኔ እሱ ያስቃታል፣ ራት ታስባለች፣ ሱቁን ታልማለች። አሁን ጭንቅላቷ ውስጥ ምንም የለም፤ የተነገራት ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል።

የሚያስቸግረው ልምምዱ ነበር። ስልክ ለብቻ አይለማመዱትም፤ ከማዶ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አምሐ ነበር። ፍሬ ከማሠልጠኛው ሁለት የጠረጴዛ ስልክ ተውሳ አንዱን መኝታ ቤቷ፣ ሌላውን አባቷ እልፍኝ ውስጥ አስቀመጠችና በሁለቱ መካከል ገመድ ዘረጋች።

«አባ፣ እዚህ ይቀመጡና ይናገሩልኝ።»

«ምን ልናገር?»

«የፈለጉትን። ዝም እንዳይሉ ብቻ።»

መሪጌታ መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ስለ ዝናቡ ተናገሩ፣ ስለ ደብሩ ጣሪያ ተናገሩ፣ አለቀባቸው። በመጨረሻ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን ዜማ ጀመሩ። ፍሬ ሆን ብላ መስመሩን በከባድ ፋይል አጨናነቀችው፤ የአባቷ ድምፅ ተቆራረጠ። ለድምፅ ቅድሚያ ሰጠች፤ ጠራ።

«አባ፣ ቅድም ድምፅዎ ተቆራርጦብኝ ነበር።»

«እኔ አልቆረጥኩም» አሉ ቅር ብሏቸው።

«እርስዎ አይደሉም፣ መስመሩ ነው።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ወጥተው ምሳ ከበሉ በኋላ እልፍኛቸው ገብተው ያዜሙላታል። አንድ እሑድ ዜማውን መሀል ላይ አቆሙ። ፍሬ መስመሩ መስሏት ገመዱን ነካካች።

«ፍሬ።»

«አቤት፣ አባ።»

«ፊት ለፊት ሆኜ አፌ አልደፈረም። ምነው አታለቅሺም?»

ፍሬ ግድግዳውን አየች። ከግድግዳው ማዶ ያሉት አባቷ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የሚመጣው ከጆሮዋ ሥር ነው።

«አልመጣልኝም» አለች።

«እኔ አልቅሻለሁ። ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ዕቃ ቤት እየገባሁ። ወንድ ልጅ አልነበረኝም፤ እሱ ነበር።»

ይህን አታውቅም ነበር።

«አባ፣ እንባው ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ፎቶውን አያለሁ፣ ልብሱን አያለሁ፤ ዕቃ ነው የሚመስለኝ። ክፉ ሰው ሆኜ ይሆን?»

«አይደለሽም።»

ፍሬ መነጋገሪያውን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«አለሽ?» አሉ መሪጌታ።

«አለሁ።»

«ላዚም?»

«ያዚሙ።»



ፈተናው አዲስ አበባ ነበር። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታ ሄደች፤ ወደቀች። ተመለሰች፣ ከተሳሳተችበት ጀምራ አጠናች፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ሄዳ አለፈች። ፊልጶስ በስልክ እየጮኸ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ሲላት አመሰገነችው። የጎረቤት ልጅ ማለፉን የነገሯት ያህል ነበር።

ለአማቷ ግን መንገር እንዳለባት ተሰማት። የድብ ባሕር ስልክ ከብዙ ሙከራ በኋላ ተነሳ።

«ሸጋ፣ ሸጋ ነው ልጄ» አሉ ወይዘሮ እታገኘሁ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «እሱም እኮ አብሮሽ ተመዝግቦ ነበር።»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያ አለፍን በይኝ።»

«አለፍን፣ እማማ።»

ሱቁ አልተከፈተም። ሥራው ግን መጣ፤ ከቢሮ ፈቃድ እየወሰደች በየቦታው ስልክ መትከል ጀመረች። የመጀመሪያው አዘዞ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነበር። ጸሐፊዋ ዓይናዲስ ወሬ የምትወድ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ነች። ፍሬ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ ገመድ ስታስገባ ዓይናዲስ ቀለበቷን አየች።

«ባለቤትሽስ ምን ይሠራል?»

«ሞቷል» አለች ፍሬ።

ቃሉን ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። እስካሁን ሌሎች ነበሩ የሚሉላት፤ ቄሶቹ ብለዋል፣ አባቷ ብለዋል፣ ሴቶቹ ብለዋል፤ እሷ «ሞተ?» ብላ ጠይቃ ብቻ ነበር። ጠመንጃ መፍቻው ከእጇ ወደቀ። ዓይናዲስ ደንግጣ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«አፈር በሆንኩ! እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ።»

«አሜን» አለች ፍሬ። መፍቻውን ከመሬት ለቀም አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። አንዷን ብሎን ለማሰር ብዙ ጊዜ ፈጀባት። እንባ አልነበረም። ስትጨርስ ዓይናዲስን ወደ ጥበቃው ቤት እንድትደውል አደረገቻት፤ ዘበኛው «ሃሎ! ሃሎ! ማን ልበል?» ብሎ ግቢው እስኪሰማ ጮኸ። ሁለቱም ሳቁ።

ፍሬ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። በሩ ላይ እንደደረሰች ራባት፤ ሆዷን እስኪያማት ድረስ ራባት። ከመርዶው ወዲህ ርቧት አያውቅም ነበር። መንገዱን ተሻግራ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ገብታ ሽሮ አዘዘች፤ በላች፤ ሌላ ጨምሩልኝ አለች። ውጭ የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ይጣራል። አልተነሳችም፤ የቀረበላትን በልታ መጨረስ ፈለገች።