እናቴና አባቴ የተካፈሉት ማሳ

እናቴን የሰፈሩ ሰው «ይደርሳል» ይላት ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። ቀሚስ ያዘዘች ሴት መጥታ «የኔ ነገር እንዴት ሆነ?» ስትላት፣ አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ ሳታወጣ «ይደርሳል» ትላለች። ይደርሳልም፤ ግን ድግሱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። እጇ ወርቅ ስለሆነ ደንበኞቿ እያጉረመረሙም ቢሆን ሌላ ጋ አይሄዱም።

አባቴ ገበሬ ነበር፤ ጥድፊያ ደግሞ ነፍሱ ነው። አንተ ሰላምታህን ሳትጨርስ እሱ ተሰናብቶህ ሄዷል። እንዴት እንደተጋቡ ስንጠይቃት እናቴ «እሱ ቶሎ ጠየቀኝ፣ እኔ ቆይቼ መለስኩለት» ትለን ነበር።

የስፌት መኪናዋ ከፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ነው የሚቀመጠው፤ መስኮቱ ደግሞ ማሳውን ያያል። ከበሩ ኋላ አባቴ ለዘር የመረጠው በቆሎ በከረጢት ተንጠልጥሏል። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ አባቴ የጎረሰውን ሳይውጥ ከረጢቱን አንስቶ ይወጣል።

እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው፤ እናቴ «የራሴ የምለው እርሻ እፈልጋለሁ» ብላ የማሳውን ግማሽ ተረከበች። ዝናቡ ሲጀምር ግን መኪናዋ ላይ የተማሪዎች ዩኒፎርም ተከምሮ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ መሬቱ ረጥቦ እየጠበቀሽ ነው!» አላት አባቴ በመስኮቱ በኩል።

«ይደርሳል።»

«የሚደርሰው ዩኒፎርሙ ነው ወይስ መሬቱ?»

«ሁለቱም።»

እሱ የራሱን ግማሽ ዘራ፤ በቆሎውም ብቅ ብሎ አረንጓዴ ለበሰ። መንደሩ በእናቴ ሳቀ። ከዚያ ዝናቡ ሄደ፤ እልም አለ። የአባቴ ቡቃያ በፀሐይ እየተጠቀለለ ክር መሰለ። ጠዋት ጠዋት እየወጣ አፈሩን በጣቱ ይጭርና ይመለሳል። ዝናቡ ተመልሶ የምር ሲጀምር የእሱ ደርቆ አልቋል፤ የእናቴ ዩኒፎርም ደግሞ ያን ጊዜ ገና ማለቁ ነው። ዘራች። በዚያ ዓመት የበላነው የእሷን በቆሎ ነው። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለውን ተረት ከአፏ አልለየችውም፤ አባቴ ውኃ ስጪኝ ቢላት እንኳ መልሷ እሱ ነበር።

በዓመቱ ሆን ብላ ቆየች። የመጀመሪያው ዝናብ መጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፤ እሷ መኪናዋን እየረገጠች «ይሄ ያታልላል» ትላለች። ዝናቡ ግን አላታለለም። እሷ ስትዘራ የአባቴ በቆሎ ጉልበት ደርሶ ነበር። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው፤ ዝናቡ ከጊዜው ቀድሞ አቆመ። የእሱ በቆሎ ፍሬውን ሞልቶ ጨርሷል፤ የእሷ ግን ገና ማበቡ ነበር፣ ውኃውን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ተጠማ።

ሲሰበሰብ እናቴ ከማሳው ዳር ቁጭ አለች። አባቴ ከእሷ በቆሎ አንዱን ልጦ አየው። ፍሬው እንደ አሮጊት ጥርስ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ነው። እኔና ወንድሜ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሊላት ነው ብለን ትንፋሻችንን ያዝን።

«አይዞሽ» አላት ቀስ ብሎ። «ይሄ ገና ጥርስ እያወጣ ነው። ይደርሳል።»

እናቴ ልትቆጣ ስትል ሳቋ አመለጣት። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ማሳው በአንድ ቀን ተዘርቶ አያውቅም። እሱ በመጀመሪያው ዝናብ፣ እሷ እጇን እስከ አንጓዋ አፈር ውስጥ ከትታ ከታች መርጠቡን ስታረጋግጥ። በየዓመቱ እንደ አዲስ ይከራከራሉ፣ በየዓመቱ ግማሽ ግማሹን ይዘራሉ። አንዳንዴ የእሱ ያበላናል፣ አንዳንዴ የእሷ፤ ጥሩ ዓመት ሲመጣ የሁለቱም። እኛ ቤት ረሃብ ገብቶ አያውቅም። ልጆች ሆነን ይህ ሁሉ አይገባንም ነበር፤ ለእኛ ማሳው መደበቂያ ነበር። ከረጅሙ ከአባባ በቆሎ ውስጥ እንገባና አጎንብሰን በአጭሩ በእማማ በኩል እንወጣለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የመኪናዋ ድምፅ ከሥሩ ሲሄድ፣ ሁለቱ ከድምፁ በላይ ሲጨቃጨቁ... ያን ጭቅጭቅ የመሰለ የእንቅልፍ ዜማ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም።

አባቴ ሞቱንም ተጣደፈበት። በደረቁ ወራት ታመመ፤ ጠናበት ሳንል ሄደ። እኔና ወንድሜ ያን ጊዜ አድገን ከተማ ገብተን ነበር። የዝናቡ ወቅት ሲቃረብ እናታችን ብቻዋን እንዳትሆን መጣን።

አንድ ጠዋት የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን አንኳኳ። እናቴ መኪናዋን አቆመች።

«እማዬ» አላት ወንድሜ፣ «ዘንድሮ ሁሉንም አንቺ በምትዪው ቀን እንዝራው። ከእንግዲህ ከማን ጋር ትከራከሪያለሽ?»

ተነስታ ከረጢቱን ከበሩ ኋላ አወረደች። «የአባትህ ግማሽ የሚዘራው ዛሬ ነው።»

«አንቺ በዚህ ቀን አታምኚምኮ!»

«አሁንም አላምንም። ተነስ፣ በሬዎቹን አውጣ።»

ያን ቀን እናቴ ስትጣደፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። እየተደናቀፈች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ፣ ቶሎ ቶሎ ዘራች። ከዚያ ዝናቡ እንደ ልማዱ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት እየወጣች አፈሩን በጣቷ ትጭራለች። ዕድሜ ልኳን «ብዬህ ነበር» ለማለት የምትጠብቀው ድርቅ፣ አሁን እንዲያልፍላት ትጸልያለች። ቡቃያው ከፊሉ ሞተ፤ ከፊሉ ግን ቢጫ ሆኖም ጠበቀ፤ ዝናቡም ደረሰለት። የራሷን ግማሽ የዘራችው ከዚያ በኋላ ነው።

የአባቴ በቆሎ ሳሳ ያለ ቢሆንም፣ የቀረው አገዳ ፍሬው ጭብጥ የሚሞላ ሆነ። የመጀመሪያውን እሸት ጠብሳ ለጎረቤት ሁሉ አደለች። «ዘንድሮ አሸነፈኝ» ትላለች ለእያንዳንዱ። «ያ ችኩል፣ አሸነፈኝ።» ስትናገር ፊቷ ላይ የነበረው ኩራት የአሸናፊ እንጂ የተሸናፊ አልነበረም።

አሁን እኔ በየዓመቱ ዝናብ ሲቃረብ ከከተማ እመጣለሁ። የመጀመሪያው ነጠብጣብ ሲወርድ ለአባቴ ግማሽ ዘር ይዤ እወጣለሁ፤ እናቴም ከማሳው ዳር ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ምን ያጣድፍሻል፣ ምን አባርሮሽ ነው?» እያለች ስትቆጣኝ ትውላለች።