ሳያልቅ የቀረው የብርሃን ትምህርት

አስትሮኖሚ የተመዘገብኩት ወድጄ አልነበረም። ለዲግሪዬ አንድ የሳይንስ ኮርስ ይጎድለኝ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ልጅ "እሱን ውሰጂ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው" ስላለችኝ ብቻ ወሰድኩት። ያኔ የምሠራው ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባለው ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ፣ በጠዋት ሺፍት ነበር። ከሥራ ስወጣ ልብስ ለመቀየር ጊዜ ስለማይኖረኝ፣ አቧራ የጠጣ ጫማዬን እንዳደረግሁ በቀጥታ ወደ ኮሌጅ እነዳለሁ። ክላስ የምገባው ቁጭ ለማለት ጓጉቼ ነው እንጂ ስለ ከዋክብት ለማወቅ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን ከፊት ወንበር ላይ ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ተቀምጠው አየሁ። ዕድሜያቸው ስድሳን ሳያልፍ አይቀርም። ዙሪያቸውን የከበቧቸው ከሃይስኩል የወጡ ልጆች ነበሩ። ክላሱ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩና "የአገሬ ልጅ ትመስይኛለሽ" አሉኝ። መሆኔን ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ሮድስ ራንች በሚባለው ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት እንደሚኖሩና በአውቶቡስ እንደሚመላለሱ ነገሩኝ። የእኔ አፓርታማ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከክላስ በኋላ አብረን መሄድ ጀመርን። እኔ "እትዬ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደተኝነት ወደ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ረጅም ዘመን ስትሪፑ በሚሉት የቬጋስ የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ለምን ትምህርት እንደጀመሩ ስጠይቃቸው "የቀረኝ ነገር ስለነበር ነው" አሉኝ። ዲግሪ ማለታቸው መሰለኝ።

አስተማሪያችን ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ቀጭን ሴት ነበረች። አንድ ቀን ስለ ሬድሺፍት አስተማረችን። ከእኛ በጣም ርቀው የሚገኙት ጋላክሲዎች ብርሃን ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ በዚህም ከእኛ እየራቁ መሆናቸው ይታወቃል አለች። ሁላችንም ጻፍን። እኔ እንዲያውም ፈተና ላይ እንደምትጠይቀን ገብቶኝ ከሥሩ አሰመርኩበት። እትዬ ግን እጃቸውን አወጡ።

"ድሮውንም ቀይ ቢሆንስ?" አሉ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ። "ቀይ ሆኖ የተፈጠረውንና እየራቀ ስለሄደ ወደ ቀይ ያዘነበለውን በምን ትለያላችሁ?"

ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም። "መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው" አለች። "በሚቀጥለው ክላስ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።"

መኪና ውስጥ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል፤ ብርሃንም እንደዚያ ነው አልኳቸው። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ነበር።

"የአምቡላንሱን ድምፅ አውቀዋለሁ" አሉኝ። "ቆሞ ሲጮህ ስለሰማሁት ነው ሲሄድ መለወጡን የማውቀው። ኮከቡን ግን ቆሞ ያየው ማን ነው?"

"እትዬ፣ ለፈተናው ይሄን ካወቅን ይበቃል" አልኳቸው።

"እኔ ለፈተናው አልመጣሁም" አሉ፣ ሳይቆጡ። ከዚያ እስከ ቤታቸው ድረስ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ።

በቀጣዩ ክላስ አስተማሪዋ መብራቱን አጠፋች። ጠረጴዛው ላይ ጋዝ የተሞላ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነበር፤ በኤሌክትሪክ ስትለኩሰው ሮዝ መሰለ። ለእያንዳንዳችን በካርቶን የተከፈፈ ስስ ፕላስቲክ አደለችንና በእሱ በኩል እንድናይ ነገረችን። አየሁ። ሮዙ ብርሃን ተበታትኖ ለየብቻ የቆሙ መስመሮች ሆነ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ውሃ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሐምራዊ። በመካከላቸው ጨለማ ነው።

"ይህ ሃይድሮጅን ነው" አለች። "የትም ቢሆን፣ ማንም ቢለኩሰው መስመሮቹ እነዚሁ ናቸው፤ ቦታቸውም ይኸው ነው። ከዋክብት ውስጥ ያለውም ይኸው ሃይድሮጅን ነው።"

ከዚያ ከአንድ ሩቅ ጋላክሲ የመጣ ብርሃን ምን እንደሚመስል በስክሪኑ ላይ አሳየችን። መስመሮቹ እነዚያው ነበሩ፤ አሰላለፋቸውም ያው። ግን ሁሉም ቦታቸውን ለቀው ወደ ቀዩ ጠርዝ ሄደዋል። ብርሃኑ ቀይ መሆኑ አይደለም ቁም ነገሩ፤ የምናውቃቸው መስመሮች ከምናውቀው ቦታቸው መነሳታቸው ነው። ቆሞ ያየነው ጠረጴዛችን ላይ ያለው ነው። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ነገር ሸምድጄ አልፌያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ሲገባኝ ለራሴ ታወቀኝ።

መብራቱ ሲበራ እትዬ ስሱን ፕላስቲክ ከዓይናቸው ላይ አላነሱትም ነበር።

ፓርኪንግ ላይ መኪናውን ልቀሰቅስ ስል "ቆይ እስኪ ልጄ" አሉኝ። እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።

"ታላቅ ወንድም ነበረኝ" አሉ። "ጋሼ ነበር የምለው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማር ነበር። ከጎንደር ተነስተን ወደ ሱዳን የወጣነው ሁለታችን ነን። ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ እንደበቃለን፣ ሲመሽ እንሄዳለን። እግሬ ቆስሎ 'ከዚህ በላይ አልችልም' ስለው እያወራ ያስረሳኛል። ሌላ ምን ያወራል? የሚያውቀው ይህንኑ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ እያሳየኝ፣ 'በዓይንሽ ከምታያቸው እጅግ ርቀው የሚኖሩ የከዋክብት አገሮች አሉ፤ ከእኛም ሆነ እርስ በርሳቸው እየተራራቁ ነው' አለኝ። 'በምን ታወቀ?' አልኩት። 'በብርሃናቸው ቀለም' አለኝ። 'ቀለም እንዴት አድርጎ ይናገራል?' አልኩት። 'በቃል አይገባሽም፤ መሬት ላይ ሥዬ ነው የማሳይሽ፤ ይንጋ' አለኝ።"

ስሱን ፕላስቲክ ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ሲነጋ ትኩሳት ይዞት አገኘሁት። ወባ ነበር። የስደተኞቹ ካምፕ ድረስ ደርሷል፤ ደግፌው ደርሷል። ካምፑ ውስጥ ነው የሞተው። ታሞ ተኝቶ ያንን ጠይቄ ላደክመው አልፈለግሁም፤ ሲሻለው ይነግረኛል ብዬ ነው። ከዚያ አሜሪካ መጣሁ፣ ሠራሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። 'ቀለም እንዴት አድርጎ ይናገራል' ያልኩት ግን እዚያው ቀረ። ማንን እጠይቃለሁ? ዛሬ ሊሥልልኝ የነበረውን አየሁት። መስመሮቹን ነው።"

አርባ ዓመት ገደማ ላለፈው ሞት "ነፍስ ይማር" አልኳቸው። "ያኑርሽ" አሉኝ፤ ልክ ትናንት እንደሞተ ሁሉ። ከዚያ አለቀሱ። እኔም ከሁለታችን ወንበሮች መሀል ካለው ሣጥን ውስጥ ሶፍት አውጥቼ ሰጠኋቸውና መኪናውን ሳልቀሰቅስ ጠበቅኳቸው።

ለቤት ሥራ የከተማውን መብራቶች በዚያው ፕላስቲክ እንድናይ ታዘዝን። አንድ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ስትሪፑ አጠገብ ፓርክ አድርገን ወረድን። አብዛኞቹ አዳዲስ ማስታወቂያዎች ቀለማቸው ሳይቆራረጥ እንደ ቀስተ ደመና ተዘርግቶ ይታያል። እንደዚያ ቱቦ ጋዝ የተሞላ አንድ አሮጌ የኒዮን ማስታወቂያ ግን ስናይ እያንዳንዱ ፊደል በቀይ፣ በብርቱካንማ፣ በቢጫ ተደርድሮ ጎን ለጎን ብዙ ሆኖ ታየን።

"እዚህ አጠገብ ስንት ዘመን አልጋ ሳነጥፍ" አሉ እትዬ። "ይህ ነገር በየመስኮቱ ሲያበራ መጋረጃ እየዘጋሁበት ነው የኖርኩት።" የሚያልፈው ሰው ዞር እያለ ያየን ነበር፤ እሳቸው ግን አላፈሩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትምህርት የስበት ነበር። አስተማሪዋ የመጽሐፉን የአምቡላንስ ምሳሌ እንድንተወው ነገረችን። የሩቅ ጋላክሲዎች ብርሃን የሚለወጠው በመንገድ ላይ እያለ ራሱ ሕዋው ስለሚለጠጥ ነው፤ ሞገዱም አብሮት ይለጠጣል አለች። ሌላም ምክንያት አለ፦ ብርሃን ከከባድ ነገር አጠገብ ተነስቶ ሲወጣ ስበቱ ወደ ቀይ ያዘነብለዋል።

"ስለሚጎትተው ይዘገያል ማለት ነው?" ሲሉ እትዬ ጠየቁ።

"አይዘገይም" አለች። "ብርሃን ፍጥነቱን አይቀንስም። የሚያጣው ጉልበቱን ነው። በሌላ በኩል ካያችሁት ደግሞ፣ ለከባድ ነገር በቀረበ ቦታ ጊዜ ራሱ ቀስ ይላል።" በመስኮቱ ወደ ማውንት ቻርልስተን ተራራ አመለከተች። "እዚያ አናቱ ላይ ያለ ሰዓት እዚህ ሸለቆው ውስጥ ካለው ሰዓት በጥቂቱ ይፈጥናል። ልዩነቱ ማንም የማያስተውለው ኢምንት ነው፤ ግን አለ። የብርሃን ሞገድም እንደ ሰዓት ምት ነው። ጊዜ ቀስ ከሚልበት የተነሳ ምት፣ ጊዜ ከሚፈጥንበት ስፍራ ሲደርስ የዘገየ ምት ሆኖ ይታያል። የዘገየ ምት ደግሞ ወደ ቀይ የተጠጋ ነው።"

ይህ ለእኔ ቶሎ አልገባኝም። ሥራ ላይ ሳጥን እየጫንኩ አስበው ነበር። እትዬ ግን እየሄድን ሳለ "ሩጫው ሳይቀንስ ጉልበቱ ያልቃል ማለት ነው" አሉ። "ይህንንማ አውቀዋለሁ።"

በኮርሱ መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ ከተማረው አንዱን ነገር ለክላሱ ማስረዳት ነበረበት። እትዬ ሬድሺፍትን መረጡ። ቀኑ ሲደርስ ነጭ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ሰፊ ነጭ ላስቲክ ገዝተው ሞገድ በእስክሪብቶ ሥለውበታል። አንዱን ጫፍ እኔ እንድይዝላቸው ጠሩኝ። ሲስቡት ሞገዱ ተዘረጋ። "ብርሃኑ አላረጀም፣ አልተበላሸም" አሉ። "መንገዱ ረዘመበት።" ከዚያ መስመሮቹን ሰሌዳው ላይ ሣሉ፤ መጀመሪያ ቦታቸው ላይ፣ ቀጥሎ ከቦታቸው ተነስተው። እንግሊዝኛቸው ይሰባበር ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም። ሲጨርሱ "የዚህን የመጀመሪያ ግማሽ ያስተማረኝ ወንድሜ ነው" አሉ።

አንድ ልጅ "ወንድምዎ ሳይንቲስት ናቸው?" አላቸው።

"ተማሪ ነበር" አሉት። "በአንተ ዕድሜ።"

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልኬ ጠራ። ልጃቸው ነበረች፤ እዚሁ ቬጋስ የተወለደችው። አማርኛዋ እየተደናቀፈ፣ "ይቅርታ፣ እማዬ ክላስ ስትሄድ ምን እንደምትማር እኔ አልጠየቅኩም። ትናንት እራት ላይ 'ወንድሜ' አለች። እኔ... እኔ አንክል... አጎት አለኝ?" አለችኝ።

ላወራው የሚገባኝ ነገር አልመሰለኝም። "እሳቸውን ጠይቂያቸው፤ ይነግሩሻል" አልኳት። ቆይታ እንደነገረችኝ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እናትና ልጅ ምሳ ሳያቀርቡ እስኪመሽ ተቀምጠው አወሩ። ከእናቷ አፍ የአጎቷን ስም ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

በዚያው ክረምት እትዬ የወንድማቸውን ተዝካር አወጡ። ካምፑ ውስጥ ሲሞት በእጃቸው ምንም አልነበረም፤ አሜሪካ ከመጡ በኋላ ግን አቅም ሳያጡ ሳያወጡለት ቀርተዋል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ያላለቀ ነገር ያለን ይመስለኝ ነበር" አሉኝ።

ካህናቱ ስሙን ጠርተው ጸለዩ። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀመጥን። ልጃቸው ወዲያ ወዲህ እያለች ታስተናግድ ነበር፤ እኔም አግዛታለሁ። እትዬ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት በዚያው በሱዳን መንገድ የመጡ ነበሩ። ስለ ሟቹ ሲጠይቁ እትዬ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ስለ መንገዱም፣ ስለ ከዋክብቱም፣ ስለ ቀለሙም።

አዛውንቱ ኩባያቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ እነዚያ የከዋክብት አገሮች ወዴት ነው የሚሄዱት?" አሉ።

"ወዴትም አይደለም። መሀላቸው ያለው ነው የሚሰፋው" አሉ እትዬ።

"እንግዲያ ማንም ማንንም ጥሎ አልሄደም በይኛ" አሉ ሰውዬው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

"እሱን አስተማሪዋ አላለችም" አሉ እትዬ። ከዚያ የንፍሮውን ሳህን ወደ እሳቸው አስጠጉላቸው።